ሳትለኩ አትንኩ፦ የሰዓትና የድግግሞሽ መሣሪያዎችን በቤት መንከባከብና ብልሽታቸውን መፈለግ

የመጀመሪያውን ሩቢዲየም ኦሲሌተሬን፣ ማለትም በአተም የሚጠበቅ የ10 ሜጋ ሄርዝ ድግግሞሽ የሚያወጣ መሣሪያ፣ የገዛሁት ሰልባጅ ነው። ከሞባይል ማማ ጣቢያ የተነቀለ፣ ወፍራም መጽሐፍ የሚያህል ሳጥን። ቅዳሜ ጠዋት ምድር ቤት ወርጄ ኃይል ሰጠሁት። እንደሞቀ ካውንተሬ (ድግግሞሽ የሚቆጥር መሣሪያ) ላይ ሰካሁት። ካውንተሩ 10,000,000.7 ሄርዝ አለ። መሆን የነበረበት 10 ሚሊዮን ድፍን ነው። ካቻቢቴ አንስቼ የማስተካከያውን ብሎን አዞርኩ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። እስከ መጨረሻው አዞርኩት፤ ያው ነው። ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ ብዬ ወደ ጎን አደረግኩት።

ሩቢዲየሙ ምንም አልሆነም ነበር። የተዛነፈው ካውንተሩ ራሱ የሚቆጥርበት፣ ውስጡ ያለው ኳርትዝ ክሪስታል ነው። 0.7 ሄርዝ ማለት ከቢሊዮን 70 እጅ ነው። የሩቢዲየሙ ብሎን ግን የሚያንቀሳቅሰው ከቢሊዮን አንድ ወይም ሁለት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ ብሎኑ ያን ስህተት ማረም አይችልም፤ ካውንተሬም የብሎኑን እንቅስቃሴ ማየት አይችልም። ያደረግኩት ነገር ቢኖር ፋብሪካው ያስቀመጠውን ማስተካከያ ማጥፋት ነው። ወደ ቦታው ለመመለስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ለማንም የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ ሳትለኩ አትንኩ። በምን እንደለካችሁም እወቁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው። አማተር ሬዲዮ ለሚሞክሩ፣ ቤታቸው ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ ለሚሠሩ፣ ወይም እንደ እኔ ትክክለኛ ሰዓት ለሚያስደስታቸው ሰዎች ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ፣ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

በእጃችን የሚገቡት ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኦሲኤክስኦ ይባላል። ኳርትዝ ክሪስታል ሙቀት ሲለዋወጥበት ስለሚዛነፍ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ያኖሩታል። ለሰከንዶችና ለደቂቃዎች እጅግ የተረጋጋ ነው። ግን ያረጃል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሸሸ ይሄዳል። ስመ ጥሩው ኤችፒ 10811 እንኳ በቀን እስከ ከ10 ቢሊዮን 5 እጅ ሊሸሽ ይችላል።

ሁለተኛው ሩቢዲየም ነው። ውስጡ ክሪስታል አለ። ክሪስታሉን የሚጠብቀው ግን የሩቢዲየም አተም ነው። በሩቢዲየም ጋዝ ክፍል ውስጥ የመብራት ብርሃን ያልፋል። ወደ ክፍሉ የሚገባው ማይክሮዌቭ 6,834.68 ሜጋ ሄርዝ ገደማ ላይ በትክክል ሲገጥም ብርሃኑ ቅንጣት ታህል ይደበዝዛል። መሣሪያው ያቺን መደብዘዝ እየተከተለ ክሪስታሉን ቦታው ላይ ይይዘዋል። "አቶሚክ" የሚለው ስም ቤተሰብ ያስደነግጣል። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ከምድር ቤቱ በር አላልፍም ብላ ነበር። የሚያሰጋ ጨረር የለውም። ውስጡ ያለው ሩቢዲየም በጣም ጥቂት ነው፤ በብርጭቆ ውስጥም ታሽጓል።

ሦስተኛው በጂፒኤስ የሚታረም ኦሲሌተር ነው። ጂፒኤስዲኦ ይሉታል። ለአጭር ጊዜ ክሪስታሉ ይመራል። ለረጅም ጊዜ ደግሞ ሳተላይቶቹ ያርሙታል። በኛ ዓይነት ሰዎች ዘንድ በጣም የሚታወቀው ትሪምብል ተንደርቦልት ነው። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የሰዓት ጣቢያ ከቤቴ ሩቅ አይደለም፤ ዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ነው። የጂፒኤስ ሰዓት እንዲገጥም የሚደረገው ከዚያ ጣቢያ ሰዓት ጋር ነው። እዚሁ ሰፈር ያለ ሰዓት ሰማይ ደርሶ በአንቴናዬ ሲመለስ ማሰብ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል።

አንድ ሒሳብ በቃላችሁ ያዙ። ከቢሊዮን አንድ እጅ ስህተት በ10 ሜጋ ሄርዝ ላይ 0.01 ሄርዝ ነው። በሰዓት ላይ ደግሞ በቀን 86.4 ማይክሮሰከንድ ነው። የቀረውን ከዚህ እየተነሳችሁ ታሰላላችሁ።

ደረጃ 1፦ አሙቁት፣ ጠብቁት፣ ጻፉት

ሰልባጅ መሣሪያ መጋዘን ውስጥ ለወራት፣ ምናልባትም ለዓመታት ጠፍቶ ቆይቷል። ክሪስታሉ እንደገና ሲሞቅ ወዲያው ወደ ቀድሞ ጠባዩ አይመለስም። በመጀመሪያው ሰዓት በፍጥነት ይሮጣል። በመጀመሪያው ቀን ቀስ ይላል። ወደ ራሱ ቋሚ ዝንባሌ እስኪገባ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም አንድ ወር ሊወስድ ይችላል። ሩቢዲየም በአምስት ደቂቃ ገደማ አተሙን ይይዛል፤ ማለትም ክሪስታሉ በአተሙ መመራት ይጀምራል። እሱንም ቢሆን ቢያንስ አንድ ቀን ጠብቁት።

ብዙ አሮጌ ካውንተሮች ምድጃቸው የሚሠራው ገመዱ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ነው። የፊቱ ቁልፍ ማሳያውን ብቻ ያጠፋል። ስለዚህ ለመቆጠብ ብላችሁ ገመዱን አትንቀሉ። ማታ የተነቀለ ካውንተር ጠዋት የሚነግራችሁን ቁጥር አትመኑ።

ደብተር ይኑራችሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የክፍሉ ሙቀት፣ የኃይሉ ቮልቴጅ፣ የሚስበው አምፔር፣ ክሪስታሉን ወደ ቦታው የሚመልሰው የማረሚያ ቮልቴጅ። ሰዓቱን በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት፣ ጻፉ። የአጎቴ ልጅ አዲስ አበባ ነው፤ እሱም ይህ ፍቅር ይዞታል። "ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ዘለለብኝ" ብሎ ሲደውልልኝ፣ "በኛ ሦስት ነው በፈረንጅ ሦስት?" እለው ነበር። በዚያ ላይ የእኔ ሰዓትና የእሱ ሰዓት ይለያያል። አሁን ሁለታችንም 18:00 ዩቲሲ ብለን ጽፈን ጨርሰናል።

ደረጃ 2፦ ኃይሉን መርምሩ

እጄ ላይ ከገቡት ብልሽቶች የሚበዙት ሰዓቱ ውስጥ አልነበሩም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ነበሩ። ስለዚህ ሳጥኑን ከመፍታታችሁ በፊት መልቲሜትር አንሱ።

ቮልቴጁን ለኩ፤ ግን መሣሪያው እየሠራ ለኩ። ባዶውን 24 ቮልት የሚያሳይ ሰፕላይ ጭነት ሲያገኝ 17 ላይ ሊወድቅ ይችላል። ኤልፒአርኦ-101 የሚባለውን ሩቢዲየም ብንወስድ የሚጠብቀው 24 ቮልት ነው፤ ከ19 እስከ 32 ድረስ ይቀበላል። ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ግን ወደ 1.7 አምፔር ይስባል። ከሞቀ በኋላ ወደ ግማሽ አምፔር ይወርዳል። አንድ አምፔር ብቻ የሚሰጥ ሰፕላይ ብትሰጡት በቅጡ አይሞቅም፣ አተሙንም አይዝም። ሰዎች "ውስጡ ያለው የሩቢዲየም መብራት ሞቷል" ብለው የሚጥሉት አንዳንዱ ሳጥን እንዲህ የተራበ ነው።

የአምፔሩ አካሄድ ራሱ ምርመራ ነው። መጀመሪያ ከፍ ብሎ ቆይቶ ዝቅ ካለ ምድጃው ጤነኛ ነው። ከፍ እንዳለ ከቀረ ምድጃው አይቆርጥም ማለት ነው፤ ወይም ሳጥኑ ሙቀት እየባከነበት ነው። ገና ከመጀመሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ምድጃው አይሞቅም።

ቀጥሎ ኦሲሎስኮፕ (ሞገድን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) አምጡና የኃይሉን ሞገድ እዩ። ተንደርቦልት +12፣ −12 እና +5 ቮልት ይፈልጋል። ብዙ ሰው ከኮምፒውተር ሰፕላይ ይሰጠዋል። ይሠራል። ግን እንዲህ ያለው ስዊቺንግ ሰፕላይ የሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ጫጫታ በ10 ሜጋ ሄርዙ ላይ ተጭኖ ይወጣል። ለ12ቱ መስመር ሊኒየር ሬጉሌተር (ጫጫታው አነስተኛ የሆነ የቮልቴጅ ማረጋጊያ) ብታስገቡ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

አሮጌ ካውንተር ከሆነ ካፓሲተሮቹን ተጠራጠሩ። ኤሌክትሮሊቲክ የሚባሉት፣ ውስጣቸው ፈሳሽ ያለባቸው፣ ይደርቃሉ። ያበጠ፣ ያፈሰሰ፣ ጫፉ ላይ ቡናማ ነገር ያለበት ካያችሁ ለውጡ። ስትለውጡ ቮልቴጁ እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ለ105 ዲግሪ የተሠራ ይሁን። ታንታለም የሚባሉት ጠብታ የመሰሉት ደግሞ ሾርት ያደርጋሉ። አንዱ መስመር ዜሮ ቮልት ከሆነ መጀመሪያ እነሱን ፈልጉ። ሶኬቱ መግቢያ ላይ ያለው የወረቀት ፊልተር ካፓሲተር ሽፋኑ ይሰነጠቃል፤ እርጥበት ይገባዋል፤ አንድ ቀን ቤቱን በጭስ ይሞላዋል። ስንጥቁን ካያችሁ ሳይጨስ በፊት ኤክስ-2 ምልክት ባለው አዲስ ለውጡት።

ይህን ስትሠሩ ገመዱ ከሶኬት የተነቀለ ይሁን። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀሉ በኋላም ኃይል ይይዛሉ። በመልቲሜትር ለክታችሁ ባዶ መሆናቸውን ሳታዩ እጃችሁን አታስገቡ። ብቻችሁን ሆናችሁም አትሥሩ።

ከአሜሪካ ወደ ሀገር ቤት መሣሪያ ለምትልኩ፣ እባካችሁ ከኋላ ያለውን የቮልቴጅ መምረጫ እዩ። እዚህ 120 ላይ የቆመ መሣሪያ አዲስ አበባ 220 ላይ ሲሰካ የመጀመሪያዋ ሰከንድ የመጨረሻው ትሆናለች። ፊውዙንም ከአዲሱ ቮልቴጅ ጋር አብራችሁ ቀይሩ።

ሀገር ቤት ሌላው ነገር መብራት መጥፋት ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ክሪስታሉ የማረጋጊያ ጉዞውን እንደ አዲስ ይጀምራል። ለሩቢዲየም ጥሩ መላ አለ። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ በተከታታይ አገናኙና በ27.6 ቮልት ቻርጅ ላይ ተዉአቸው። ይህ ቮልቴጅ ኤልፒአርኦ በሚቀበለው ክልል ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሳጥኑን በቀጥታ ማገናኘት ትችላላችሁ። በባትሪው ጫፍ ላይ ፊውዝ አይረሳ። ባለ 7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፔር ለሚስብ ሳጥን በወረቀት 14 ሰዓት ይሰጣል። በተግባር ያንሳል፤ ለአንድ ሌሊት ግን ይበቃል።

ደረጃ 3፦ የሙቀቱን ታሪክ አንብቡ

እኔ ከሁሉም የምወደው ሥራ ይህ ነው። የማረሚያውን ቮልቴጅ ለአንድ ሳምንት መዝግባችሁ በመስመር ሣሉት። ለተንደርቦልት ሌዲ ሄዘር የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ራሱ ይሥልላችኋል። ኮምፒውተሩን የምታገናኙት አርኤስ-232 በሚባለው አሮጌ የኮምፒውተር ወደብ በ9600 ፍጥነት ነው። የመስመሩ ቅርጽ ብልሽቱን በስሙ ይጠራላችኋል።

ቀስ ብሎ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ቀጥ ያለ መስመር ካያችሁ እርጅና ነው። ጤነኛ ነው፤ ተዉት። ቀን ወጥቶ ማታ የሚወርድ ሞገድ የክፍሉ ሙቀት ነው። በየ20 ደቂቃው የሚደጋገም ጥርስ ካለ ማሞቂያ ወይም ኤሲ እየበራ እየጠፋ ነው። እኔ ቤት ክረምት ላይ የማሞቂያው ምድጃ መቼ እንደተነሳ ከመስመሩ ላይ አነባለሁ። ድንገት ዘልሎ እዚያው የሚቀር ደረጃ ካያችሁ ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ የላላ ኮኔክተር አለ፤ ወይ ክሪስታሉ ራሱ ዘሏል። ኬብሎቹን አንድ በአንድ በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጉ። መስመሩ ካልተንቀሳቀሰ ክሪስታሉ ነው። አንዳንድ ክሪስታል እንዲህ ይዘላል። መድኃኒት የለውም። ኑሩበት ወይ ለውጡት።

ለሙቀት የማደርገው ቀላል ነው። መሣሪያው ከመስኮትና ከኤሲ ይርቃል። በኦሲኤክስኦ ላይ ፋን በቀጥታ አይነፍስም። አንድ ካርቶን በላዩ መድፋት ብቻውን ንፋሱን ያስቀረዋል፤ ጥርሶቹ ሲለዝቡ በአንድ ቀን ታያላችሁ። ሩቢዲየም ግን ሌላ ነው። እሱ ካርቶን አይደፋበትም። ታቹ ወፍራም የአሉሚኒየም ሙቀት መበተኛ ላይ በብሎን ይታሰር፤ መሀሉ ላይ የሙቀት ቅባት ይቀባ። የታቹ ብረት ባነሰ ሙቀት በኖረ ቁጥር መብራቱም ኤሌክትሮኒክሱም ዕድሜያቸው ይረዝማል። በእጃችሁ ስትነኩት የማያስይዝ ከሆነ ሞቋል ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ አንቴናውንና ሰማዩን

ጂፒኤስዲኦ ካላችሁ ከኃይል ቀጥሎ ተጠርጣሪው አንቴና ነው። መጀመሪያ አንቴናው ስንት ቮልት እንደሚፈልግ እዩ። ተንደርቦልት 5 ቮልት በኬብሉ ይልካል። 3.3 ብቻ የሚችል አንቴና ብትሰጡት ታቃጥሉታላችሁ። ቀጥሎ ኬብሉን ከአንቴናው ነቅላችሁ ጫፉ ላይ ቮልቴጁ መድረሱን ለኩ። ከሌለ ኬብሉ ወይም ኮኔክተሩ ተቆርጧል። ውጭ ያለ ኮኔክተር ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ውሃ ገብቷል። ቆርጣችሁ በአዲስ ተኩት፤ እርስ በርሱ በሚጣበቅ የጎማ ቴፕ ጠቅልሉት።

የአጎቴ ልጅ "እንደዚህ ያለ ኬብል እዚህ ከየት አመጣለሁ?" ብሎኝ ነበር። ጣሪያው ላይ ነበረው። የዲሽ ኬብል፣ ማለትም አርጂ-6፣ ለጂፒኤስ በደንብ ይሠራል። እንዲያውም ብዙው ተንደርቦልት መግቢያው የዲሹ ዓይነት ኤፍ ኮኔክተር ነው። አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ያ ኬብል ከዲሽ ሪሲቨር ጋር በምንም መንገድ መገናኘት የለበትም። ሪሲቨሩ በኬብሉ 13 ወይም 18 ቮልት ይልካል። አንቴናችሁ ወዲያው ይሞታል።

የኬብል ርዝመት ድግግሞሹን አይነካውም። ሰዓቱን ግን ያዘገየዋል። በዲሽ ኬብል በሜትር 4 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። 25 ሜትር ካላችሁ 100 ናኖሰከንድ ማለት ነው። ትክክለኛ ሰከንድ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ቁጥር በፕሮግራሙ ላይ አስገቡት።

መሣሪያውን ቦታ ከቀየራችሁ አዲስ የቦታ ልኬት አስጀምሩ። ተንደርቦልት ያለበትን ቦታ አንዴ ለክቶ ያስቀምጥና ከዚያ በኋላ ሰዓትን ብቻ ያሰላል። ለአጎቴ ልጅ የላክሁለት ሳጥን አዲስ አበባ ደርሶም ራሱን ሜሪላንድ እንዳለ ይቆጥር ነበር። ማስጠንቀቂያ መብራቱ አልጠፋ ብሎት ሁለት ቀን ተጨነቀ። ልኬቱ በ2,000 ንባብ ይጠናቀቃል፤ በሰከንድ አንድ ስለሆነ ግማሽ ሰዓት ያልፈዋል። ቀጥሎ ደግሞ በሌዲ ሄዘር የ48 ሰዓቱን ልኬት ብታስጀምሩ የበለጠ ይጠራል።

ሀገር ቤት ያላችሁ ይህን በተለይ ልብ በሉ። ኢትዮጵያ ከምድር መግነጢሳዊ ወገብ ሥር ናት ማለት ይቻላል። እዚያ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ላይኛው ከባቢ አየር ይናጣል። የሳተላይቱ ምልክት ይርገበገባል፣ ይቆራረጣል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዋሸራ የሚባለው ቤተ ሙከራ የሚያጠናው ይህንኑ የሰማይ ክፍል ነው። ነገሩ የሚብሰው በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ ነው፤ የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚበረታበት ዓመት ደግሞ ይጨምራል። ከምሽቱ 1 እስከ 5 ሰዓት ድረስ ምልክቱ ከተንገዳገደና እኩለ ሌሊት ሲያልፍ ከተረጋጋ አንቴናውን አታውርዱት። መሣሪያው ጤነኛ ነው። ጥሩ ክሪስታል ያለው ጂፒኤስዲኦ እነዚያን ሰዓታት በራሱ ይሻገራል።

ብልሽት የሚመስሉ ግን ያልሆኑ ሁለት ነገሮች ልጨምር። ቀኑ 19 ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ከሄደ አትደንግጡ። ጂፒኤስ ሳምንትን እስከ 1,024 ቆጥሮ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። አሮጌ ተቀባዮች በዚህ ይታለላሉ። ተንደርቦልት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 30 ቀን 2017 ጀምሮ የሚያሳየው ቀን የተሳሳተ ነው። 10 ሜጋ ሄርዙና ሰከንዱ ግን ምንም አልሆኑም። ሌዲ ሄዘር ቀኑን ያርመዋል። ሰዓታችሁ ደግሞ በ18 ሰከንድ የሚቀድም ከሆነ ማሳያው የጂፒኤስን ሰዓት እያሳየ ነው። ወደ ዩቲሲ ቀይሩት።

ደረጃ 5፦ ሁለቱን አወዳድሩ

አሁን ልክ የሆነ ማመሳከሪያ አላችሁ እንበል። ካውንተር ባይኖራችሁም ባለ ሁለት ቻናል ኦሲሎስኮፕ ይበቃል። ማመሳከሪያውን ቻናል 1 ላይ፣ የምትመረምሩትን ቻናል 2 ላይ ስኩ። ትሪገሩን (ሥዕሉ የትኛውን ምልክት ተከትሎ እንደሚቆም የሚወስነውን) ቻናል 1 ላይ አድርጉ። ቻናል 1 ይቆማል። ቻናል 2 ቀስ ብሎ ይንሸራተታል። ወደ ግራ ከሄደ የምትመረምሩት ይፈጥናል። ወደ ቀኝ ከሄደ ይዘገያል።

የ10 ሜጋ ሄርዝ አንድ ሞገድ 100 ናኖሰከንድ ነው። አንድ ሙሉ ሞገድ ለመንሸራተት የፈጀውን ሰከንድ ቁጠሩ። 100 ሰከንድ ከፈጀ ስህተቱ ከቢሊዮን አንድ ነው። 1,000 ሰከንድ ከፈጀ ከ10 ቢሊዮን አንድ ነው። በስልካችሁ የሰከንድ መቁጠሪያና በአንድ ስኒ ቡና የምትሠሩት ልኬት ነው። ከዋጋው አንጻር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላውቅም።

ካውንተር ካላችሁ ማመሳከሪያውን ከኋላ ባለው የውጭ መግቢያ ስጡት። ያኔ የካውንተሩ የራሱ ክሪስታል ከጨዋታው ይወጣል። እኔን ያሳሳተኝ ይህን አለማድረጌ ነው። ተራ ካውንተር በ1 ሰከንድ ቆጥሮ 1 ሄርዝ ድረስ ብቻ ያያል፤ በ10 ሰከንድ 0.1 ሄርዝ ድረስ። ከዚያ ለመጥለቅ ከሁለቱ መሣሪያዎች በየሰከንዱ የሚወጡትን ምቶች ልዩነት ለቀናት መመዝገብ ይሻላል። 10 ሜጋ ሄርዙን ለ10 ሚሊዮን የሚያካፍል ትንሽ ማይክሮኮንትሮለር ሥሩና የሚወጣውን ምት ከጂፒኤሱ ምት ጋር አወዳድሩ። የጂፒኤስ ምት ከሰከንድ ወደ ሰከንድ በአሥር ናኖሰከንዶች ይወዛወዛል። በቀን ሲታይ ግን ያ መወዛወዝ ከምንም አይቆጠርም።

ኬብሉ ላይ ቸል አትበሉ። ጫፉ በ50 ኦም ሬዚስተር ካልተዘጋ ሞገዱ ተመልሶ ይመጣል፤ ካውንተሩም አንዱን ሁለት ብሎ ሊቆጥር ይችላል። ካውንተራችሁ 20 ሜጋ ሄርዝ ካለ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ነው። ለብዙ መሣሪያ ለማካፈል በቲ-መገጣጠሚያ አትቀጣጥሉ። ማከፋፈያ አምፕሊፋየር ተጠቀሙ።

ሁለት ሰዓት ሲጣላባችሁ የትኛው እንደተሳሳተ ከሁለቱ አታውቁም። ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሦስተኛ መሣሪያ፣ ርካሽም ቢሆን፣ አምጡ። ሁለቱ ሲስማሙ የቀረው ይታወቃል። አሜሪካ ያላችሁ ሬዲዮ ካላችሁ ከኮሎራዶ የሚሰራጨው ደብሊውደብሊውቪ የሚባለው የሰዓት ሬዲዮ ጣቢያ በ10 ሜጋ ሄርዝ ይሰማል። ከሰማይ ተንጸባርቆ ስለሚመጣ ለጥሩ ክሪስታል አይበቃም። በግልጽ የተበላሸን ካውንተር ግን ያጋልጣል። የእኔን ያጋለጠው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ሩቢዲየሙ አልይዝ ሲል

ኤልፒአርኦ ላይ ሦስት የምርመራ እግሮች አሉ። አንዱ ይዟል ወይስ አልያዘም ይላል። ሲይዝ ወደ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ይወርዳል። ሁለተኛው የመብራቱን ጥንካሬ ያሳያል፤ ጤነኛው በ3 እና በ14 ቮልት መካከል ነው። ሦስተኛው የክሪስታሉን ማረሚያ ቮልቴጅ ያሳያል።

አልያዘም እንበል። የክሪስታሉን ቮልቴጅ እዩ። አተሙን እየፈለገ ከሆነ ወደ ላይና ወደ ታች እየተመላለሰ ይጠርጋል። አሥር ደቂቃ አልፎም የሚጠርግ ከሆነ የመብራቱን ቮልቴጅ እዩ። መብራቱ ጥሩ ሆኖ መያዝ ካቃተው ክሪስታሉ ከማርጀቱ የተነሳ ጠረጋው ትክክለኛውን ድግግሞሽ አይደርስበትም ማለት ነው። ውስጥ ያለችውን ትንሽ ትሪመር (በማዞር የምትስተካከል) ካፓሲተር በፕላስቲክ መሣሪያ በጣም በጥቂቱ አዙሩ። ጠረጋው አተሙን ሲያገኝ ወዲያው ይይዛል። ከያዘ በኋላ የማረሚያ ቮልቴጁ ወደ ክልሉ መሀል እንዲመጣ አድርጉ። ለመጪው እርጅና ቦታ ትሰጡታላችሁ።

መብራቱ ከ3 ቮልት በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ሩቢዲየሙ ብርጭቆው ላይ ተለጥፎ ነው። አምፖሉን በጥንቃቄ አውጥታችሁ በሞቃት አየር ቀስ ብላችሁ ብታሞቁት ብርማው ፊልም ከመስታወቱ ሲለቅ ይታያል። የዓይን መከላከያ አድርጉ። ቀስ ብላችሁ አሙቁት፤ ቀስ ብሎም ይቀዝቅዝ። ብርጭቆው ከተሰበረ ሩቢዲየሙ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ወዲያው ይዋጋል፤ አምፖሉም አለቀለት። እኔ ሁለት አምፖል በዚህ መንገድ አስነስቻለሁ። ሦስተኛው አልተነሳም።

ደረጃ 7፦ አሁን ካቻቢቴውን አንሱ

ሁሉም ጸድቶ፣ ሁሉም ሞቆ፣ ማመሳከሪያው ታውቆ ከሆነ ብሎኑን መንካት ትችላላችሁ። ብሎኑ አሁን ያለበትን ቦታ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የኦሲኤክስኦ ከሆነ ብረት ያልሆነ ካቻቢቴ ያዙ። ብረቱ ራሱ ድግግሞሹን ያዛንፋል፤ ሲነሳ ቁጥሩ ይቀየርባችኋል። ትንሽ አዙሩ፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ለኩ፣ ጻፉ። ለሩቢዲየም አሥር ደቂቃ አይበቃም፤ ሙሉ ቀን ስጡት።

በመጀመሪያ ያበላሸሁት ሩቢዲየም ደብተሬ ላይ እንዲህ ይነበባል። ብሎኑ መጨረሻው ላይ ሳለ ከጂፒኤስ ጋር ሲወዳደር በቀን 130 ማይክሮሰከንድ ይቀድም ነበር። ይህ ከቢሊዮን አንድ ተኩል ነው። በሁለተኛው ሳምንት 17 ማይክሮሰከንድ ላይ አደረስኩት። በሦስተኛው ሳምንት ለአራት ቀን ምንም ሳልነካ ተውኩት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ፀጉር ታህል አዞርኩት። በማግስቱ 0.9 ማይክሮሰከንድ ሆነ። ከ100 ቢሊዮን አንድ እጅ ገደማ ማለት ነው። እዚያ ላይ አቆምኩ። ብሎኑ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፌበታለሁ። ያቆምኩበት ቀንና ቁጥር ተጽፎበታል።